ቀላሉ ላይብረሪ እና የእማማ የሺ ስለት

እናንተዬ፣ «ከሞላ ጎደል» የምትለውን ቃል የፈጠረው ሰው ቤቱ የት ይሆን? ልጣላው ፈልጌ ነበር።

ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ባሕር ዳር ላይ ለአንድ የጀልባ ማኅበር፣ ወደ ጣና ገዳማት የሚሄደውን ተሳፋሪ የሚመዘግብ ፕሮግራም ጻፍሁ። አጻጻፉ እንዲህ ነው፤ ጀልባውም፣ ተሳፋሪውም፣ ገዳሙም በየራሱ አንድ «ነገር» ሆኖ ይቀረጻል፤ ጠባይና ሕግ ይሰጠዋል። ገዳሙን «አንተ ወንዶች ብቻ የሚገቡብህ ነህ» ትሉታላችሁ፤ በቃ፣ ሴት ስትመዘገብ እምቢ ይላል። ይህን ሁሉ ከባዶ አንጽፍም። ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡትን እንዋሳለን፤ ላይብረሪ እንለዋለን።

እኔ የተዋስሁት ትልቁን ነበር። ጨዋ ነው፣ ግን ነዝናዛ! ሁሉን ይመረምራል፣ በሁሉ ይነጫነጫል። የቢሮው ኮምፒውተር ደግሞ አሮጌ ነው። ፕሮግራሙ እስኪከፈት ተሳፋሪው «ልጄ፣ ሐሙሲት ደርሼ ልምጣ?» ይለኝ ጀመር። አፈርሁ።

ስፈልግ ስፈልግ የዚያው ላይብረሪ ታናሽ ወንድም ተገኘ። ቀላል፣ ፈጣን። መመሪያው «ከትልቁ ጋር ከሞላ ጎደል ይስማማል፤ ስሙን ብቻ ቀይሩ» ይላል። አንድ መስመር ቀየርሁ። ፕሮግራሙ ብድግ! ደረቴን ነፍቼ ሰነበትሁ። የጎደለውን መመሪያው ከታች ጽፎት ኖሯል፤ እስከ ታች ማን ያነባል? ለካ ታናሹ ሕጉን ሲጽፉለት ይቀበላል እንጂ አያስከብርም። ዝም ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ይሆናላ!

ታዲያ አንድ ቀን እማማ የሺ መጡ። እማማ የሺ የትዕግሥት እናት ናቸው። ትዕግሥት ደግሞ ሽማግሌ ልልክባት ያሰብኋት ልጅ ናት። እናትየዋ የዱርቤቴ ሰው፣ የመሪጌታ ልጅ፣ ቀልድ የማይወዱ ናቸው። አራት የጽዋ ማኅበር እህቶቻቸውን አስከትለው፣ ዘርፉ የሚያብረቀርቅ የስለት ጃንጥላ ይዘዋል። ስለቱ በዚያው ዕለት፣ በበዓሉ ቀን፣ ሴትም ወንድም ከሚገባበት ገዳም መድረስ አለበት።

አይ የእኔ ነገር! መዝጋቢዋን «ለእኔ ተዪው» ብዬ አስነሣኋት። ለአማት መታየት አለብኛ! የገዳማቱ ስም ኮምፒውተሩ ላይ በተርታ ነው። ብሳሳት ፕሮግራሙ ያርመኛል ብዬ፣ በቅጡ ሳላይ ተጫንሁ። የተጫንሁት ከጎኑ ያለውን፣ የወንዶቹን ገዳም ነው። ትልቁ ቢሆን አገር ይያዝልኝ ብሎ በጮኸ ነበር። ታናሹ ግን አምስት ትኬት ብትን አደረገልኝ፤ «ጀልባ ቁጥር ሁለት» ብሎ።

«አዩት እማማ፣ ፍጥነቱን?» አልኋቸው።

«ይባርክህ» አሉኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ያን ጊዜ አላስታወስሁም።

ጀልባ ነጂው ሴቶቹን ሲያይ ከዳር ሆነው ሊሳለሙ ነው ብሎ አሰበ፤ ብዙ ሴቶች እንዲያ ያደርጋሉ። እዚያ ሲደርሱ አንድ አባት በትሕትና «እናቶቼ፣ ከዚህ አያልፉም» አሏቸው። አብረዋቸው የተሳፈሩት ወንዶች ተሳልመው እስኪመለሱ እማማ የሺ ጃንጥላቸውን እንዳቀፉ ከዋርካ ሥር ተቀመጡ። በዓሉ አለፈ።

ሲመለሱ መጀመሪያ ያየሁት ጃንጥላውን ነው። ቀጥሎ ፊታቸውን። ጣና አፉን ከፍቶ ቢውጠኝ ወደድሁ። ቢሰድቡኝ ምናለ? ጃንጥላቸውን እንዳቀፉ አልፈውኝ ሄዱ። አለቀልኝ፣ ትዕግሥትን አጣኋት አልሁ።

በማግሥቱ በጠዋት ጃንጥላውን ራሴ ተሸክሜ ወደ ትክክለኛው ገዳም ወሰድኋቸው። ስለቱ አንድ ቀን ዘግይቶ ገባ። ስንመለስ ጀልባው ላይ ሁሉንም ተናዘዝሁ፤ ትልቁን፣ ታናሹን፣ መመሪያውን እስከ ታች አለማንበቤን።

«እና ትልቁን የጣልኸው ስለነዘነዘህ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«ልጄም እኔን ነዝናዛ ነሽ ትለኛለች» ብለው ወደ ውኃው ዞሩ። ከዚያ ወደ እኔ መለስ ብለው «ሽማግሌ ልትልክ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ለልጄ የሚመጣው ታዲያ ትልቁ ነው ወይስ ታናሹ?» አሉኝ።

ትልቁ ልል አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን «ከሞላ ጎደል ትልቁ» የሚል ነው። ምላሴ ይቆረጥ!

እማማ የሺ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያስ ሽማግሌዎችህን ላካቸው» አሉ፤ «እኔ እስከ ታች ነው የማነበው።»