ሰማንያ አንድ የጫኑት ሐጂ

መጽሐፍ ቅዱስ ሊገዛ የመጣ ሰው ገና አንድ መስመር ሳያነብ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ያሸተዋል። መሐሉ ላይ ገለጥ ያደርግና አፍንጫውን ያስገባል። ቀጥሎ እንደ ሐብሐብ ገዢ በእጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይመዝነዋል። ጥያቄው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ ደብተር፣ እስክሪብቶና መጻሕፍት የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ እዚያች ሱቅ ደጃፍ ላይ የሰማሁትን ጥያቄ ሁሉ ብነግራችሁ የነገረ መለኮት ተማሪ እንኳ ደንገጥ ይላል። ሽፋኑ ለምን ጥቁር ሆነ? ወረቀቱ ለምን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ? ገጹ ለምን መሐል ለመሐል ተከፍሎ ሁለት ዓምድ ሆነ? ቀዩ ፊደል የማን ንግግር ነው? ባለ ዚፑ ዚፕ ከሌለው ይበልጥ ይባርካል ወይ? ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረደ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ላቡን እየጠረገ፣ ሙሴ ሲጽፍ ቁጥሩን አብሮ ነው የጻፈው ወይስ ጨርሶ ሲያበቃ ነው ያስገባው ብሎ ጠይቆኛል።

እኔም እመልሳለሁ። ያወቅሁትን በእውቀት፣ ያላወቅሁትን በድምፅ። ወረቀቱ የሳሳው ያ ሁሉ ነገር በአንድ ጥራዝ እንዲገባ ነው፤ በወፍራም ወረቀት ቢታተም ተሸካሚ አህያ አብሮ መሸጥ ነበረብን። ሁለት ዓምድ የሆነው ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ዓይን በረጅም መስመር ላይ መንገድ እንዳይስት ነው። ቁጥሩን ሙሴ አልጻፈውም፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ሰዎች ለፍለጋ እንዲመች ያስገቡት ነው። ቀዩ የጌታ ንግግር ነው። ዚፑ ለአቧራ ነው፤ የመተማን አቧራ ያየ ይፈርድልኛል። አንድ ነገር ብቻ ደንበኞቼን አጥብቄ እከለክላለሁ፦ የገጹን ጫፍ ማጠፍ። ምልክት ማድረጊያ ክር ተሰፍቶለታል፣ እሱን ተጠቀሙ እላለሁ። በዚህ ነገር የተቀየመኝ ሰው ጥቂት አይደለም።

ከሁሉም የሚበዛው ጥያቄ ግን ስለ ብዛቱ ነው። ኦርቶዶክሱ የሚገዛው ሰማንያ አንድ መጻሕፍት ያሉበትን ነው፤ ጴንጤው ደግሞ ስልሳ ስድስት ያሉበትን። ሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ መደርደሪያ ይወርዳል። ታዲያ ቀኑን ሙሉ "ሰማንያ አንድ መጻሕፍትን የያዘው መጽሐፍ ቅዱስ" እያለ ማን ይደክማል? እኛ ሱቅ "ሰማንያ አንድ አለህ?" ነው። "ስልሳ ስድስት አልቋል፣ ሰኞ ና" ነው። የጫማ ቁጥር የምናወራ ነው የምንመስለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ያሉት አባቶች ሱቅ ባይኖራቸውም ነገሩ ገብቷቸው ነበር፤ ይህች አጭር አጠራር ሐጂ ኢድሪስን ልታስበላኝ ነበርና።

ሐጂ ኢድሪስ ጎረቤቴ ናቸው። ሱቃቸው ከሱቄ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ጨው፣ ሳሙናና ስኳር ይሸጣሉ። እቃ ሲያልቅባቸው አይሱዙ ተከራይተው ጎንደር ይወጣሉ፤ ከነጋዴ ሁሉ የሚለዩበት ደግሞ የሰው እቃ ከራሳቸው እቃ አብልጠው መጠበቃቸው ነው። ባለፈው ጥቅምት ሊመለሱ ሲሉ ደወልኩላቸውና መጻሕፍቱን ከአከፋፋዩ እንዲጭኑልኝ ለመንኳቸው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስለነበር እንደ ተጣላ ሰው እየጮኽኩ፣ ሰማንያ አንዱን ሁለት ካርቶን፣ ስልሳ ስድስቱን አንድ ካርቶን አልኩ። "ተማም" አሉኝ። ሐጂ ተማም ካሉ አለቀ ነው።

ይገባሉ በተባለበት ቀን አልገቡም። ስልካቸውም ዝግ ነው። እናንተ ያላችሁበት አገር ስልክ ሲዘጋ "ባትሪ አልቆበት ይሆናል" ትሉ ይሆናል። በእኛ መንገድ ላይ ባትሪ የሚታሰበው መጨረሻ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ሌላው ሐሳብ ነው፤ ስሙን ስለማልወደው አልጠራውም። ሰው ሲታጣ ጎረቤት ለጎረቤት ዓይን ለዓይን መተያየት ይፈራል፤ የሐጂ ባለቤት በሱቄ ፊት ሲያልፉ እኔም የሌለ እስክሪብቶ ከመደርደሪያ ሥር እፈልግ ነበር።

ከቀትር በኋላ ከኮኪት የመጣ ባለ ባጃጅ ወሬውን ይዞ ደረሰ። ሐጂን ኬላ ላይ አውርደዋቸዋል፤ ከባድ መሣሪያ ጭነው ተገኙ እየተባለ ነው አለ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ሐጂ ኢድሪስና ከባድ መሣሪያ! ቀጥሎ፣ ምን ጫንክ ሲባሉ ምን ብለው መለሱ ብዬ ብጠይቀው፣ ባለ ባጃጁ፣ "ሰማንያ አንድና ስልሳ ስድስት አሉ አሉ" አለኝ።

ሳቄ እዚያው ደረቀ። ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውየው በእኔ አፍ ነው የተያዙት። አሁን ሄጄ "የኔ ነው" ካላልኩ የሚጠፉት እሳቸው ናቸው፤ "የኔ ነው" ካልኩ ደግሞ መሣሪያው የኔ ሆነ ማለት ነው። ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ለማን ብዬ እንደምፈራ እንኳ አላውቅም፤ ግን ፈራሁ። ሚስቴ ሂድም አላለችኝ፣ አትሂድም አላለችኝ። ዝም ብላ መታወቂያዬን ከሳጥን አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ባለ ባጃጁን በስንት ልመና አስነሣሁት። ከከተማ ስንወጣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ደርሶ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይዞታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ ዘንድሮ እህሉ አማረበት እል ነበር። ያን ቀን ግን ነፋስ ባነቃነቀው ቁጥር ከውስጡ ሰው የሚወጣ እየመሰለኝ፣ ከልጅነቴ የማውቀውን የዳዊት መዝሙር ከአፌ ሳልለይ ነው የሄድኩት። ባለ ባጃጁም ወሬውን አቁሟል። ጎመን በጤና ያለ ሰው ምን ያህል ልክ እንደነበረ ለማወቅ በዚያ መንገድ መሄድ ነው።

ኬላው ላይ ገመድ በመንገዱ ተወጥሯል። አይሱዙው ዳር ቆሟል። ሐጂ ነጭ ጀላቢያቸውን እንደለበሱ ኒም ዛፍ ሥር የራሳቸው የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ፣ ለምን መጣህ የሚል ነገር ዓይናቸው ላይ አየሁ። የኔ ሦስት ካርቶኖች ተቀደው መጻሕፍቱ ሸራ ላይ ተደርድረዋል። ለካ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ሲባሉ፣ የሰው አደራ ከፍተው አያውቁምና እኔ በስልክ የነገርኳቸውን ቃል በቃል መልሰዋል።

የኬላው አዛዥ አንዱን መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ ይዞ ተቀምጧል። ዓይኑ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፤ ሽፋሽፍቱ ድረስ አቧራ ለብሷል።

"ያንተ ነው?" አለኝ።

"የኔ ነው" አልኩ። ድምፄ የኔ አልነበረም።

ሂሳቡን ሠርቶ ነበር የጠበቀኝ። ሽማግሌው ሰማንያ አንድና ስልሳ ስድስት ብለዋል፤ ሲደመር መቶ አርባ ሰባት ነው፤ መኪናው ላይ የተገኘው ግን አርባ መጽሐፍ ብቻ ነው። መጽሐፉ ከላይ የተደረገ ልባስ ነው፤ መቶ ሰባቱ የት ተራገፈ? እንዲህ ነበር ነገሩ። ሰማንያ አንድ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እሱ በደንብ ያውቃል፤ ተሸክሞታል። ለካ ሰማንያ አንድ የሚባል ሞርታር አለ። ይህን ከየት ልወቅ? እኔ የማውቀው ከዘፍጥረት የሚጀምረውን ነው።

ቁጥሩ ውስጡ ያሉት መጻሕፍት ነው ብዬ ማውጫውን ገለጥኩለት። ቁጠር አለኝ። ጮክ ብዬ፣ በጣቴ እየነካሁ ጀመርኩ። መሐል ላይ ስደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ላብ አጠመቀኝ፦ ሰማንያ አንዱ ሲቆጠር አንዱ ከአንዱ እየተደረበ ነው፤ ሊቃውንቱም አቆጣጠሩ ላይ ይለያያሉ። ቢጎድልስ? ባንድ ቢበልጥስ? ደግነቱ ከእኔ በፊት አዛዡ ሰለቸውና ማውጫውን ገልብጦ ጣቱን ሌላ ቦታ ተከለ። ፲፪፥፬ ይላል።

"ይህ ሰዓት ነው። ጧት ነው ማታ?"

ሰዓት አይደለም አልኩት፤ ፊተኛው ምዕራፍ፣ ኋለኛው ቁጥር ነው። ይህን ጊዜ ዝም ብል ምን ነበረበት! ግን የሱቁ አመሌ አልለቀቀኝም፤ ሰው ሲፈራ ያወቀውን ሁሉ ያወጣል። ምዕራፍ በግዕዝ ማረፊያ ማለት ነው፣ አንባቢ እዚያ ሲደርስ አረፍ ይላል አልኩ። አዛዡ ቀና ብሎ አየኝ።

"የማን ማረፊያ?"

መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ኋላው፣ ቆርቆሮ ወደ ለበሰችው ክፍል ጠቆመኝና፣ "ማረፊያስ እኛም ዘንድ አለ" አለ። ቀልዱ እንደገባኝ ለማሳየት ልስቅ ሞከርኩ፤ ከንፈሬ አልታዘዝ አለ። በዚህ መሐል ከእርሻ የሚመለስ ትራክተር ጢስ ማውጫው እንደ ጥይት ጮኸ። ሁላችንም መሬት ላይ ነበርን፤ ሐጂ፣ እኔ፣ ጠባቂዎቹ። ትራክተር መሆኑ ሲታወቅ ጠባቂዎቹ እየተሳሳቁ ተነሡ። አዛዡ ግን ቶሎ አልተነሣም፤ ሲነሣም መጽሐፉን ሳይለቀው ነው የተነሣው።

አቧራውን አራገፈና ሌላ ሂሳብ አመጣ። ቁጥሩ ውስጥ ያሉት መጻሕፍት ናቸው ማለቴን ተቀብሏል። መልካም። ግን ከሰማንያ አንድ ስልሳ ስድስት ሲቀነስ አሥራ አምስት ይቀራል።

"አሥራ አምስቱ የት ገቡ?" አለ።

"ወላሂ እኔ አንድም አላጎደልኩም" አሉ ሐጂ ከዛፉ ሥር።

አዛዡ ወደሳቸው አላየም። ወደኔ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "ትክክለኛው የትኛው ነው?" አለኝ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ጥያቄ ሱቅ ውስጥ ስንት ጊዜ መልሼዋለሁ። ለኦርቶዶክሱ እንደ ኦርቶዶክስ፣ ለጴንጤው እንደ ነጋዴ። አሁን ግን የጠያቂው እምነት አልተጻፈበትም። አንገቱ ላይ ማተብ ይኑር አይኑር ለማየት ብሞክር ኮሌታው ሸፍኖታል። ሰማንያ አንዱ ብል፣ ጴንጤ ቢሆንስ? ስልሳ ስድስቱ ብል፣ የቄስ ልጅ ቢሆንስ? ሃይማኖቴን ልክድም ልመሰክርም አቅም አነሰኝ። ያዳኑኝ የሃይማኖቱ ነገር የማይመለከታቸው ሰውዬ ናቸው።

"ልጄ" አሉ ሐጂ፣ መቁጠሪያቸውን አቁመው፣ "ባለ ሰማንያ አንዱም ባለ ስልሳ ስድስቱም ጨው የሚገዙት ከኔ ነው። የምመዝንላቸው አንድ ጨው ነው። እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ ደግሞ ሁለቱም አደራ ነው።"

አዛዡ አሁን ወደሳቸው ዞሮ አየ። ከዚያ በአገጩ ምልክት ሰጠ፤ ጠባቂዎቹ መጻሕፍቱን መልሰው መጫን ጀመሩ። ሐጂ እዚያው ኒሙ ሥር የዐስር ሶላታቸውን ሰገዱ። እኔም መስገድ ቢያምረኝ በየት በኩል ዞሬ እንደምሰግድ ግራ ገባኝ።

ባለ ባጃጁን ሸኝቼ ከሐጂ ጎን አይሱዙው ላይ ወጣሁ። ሞተሩ ሊነሣ ሲል አዛዡ በኔ በኩል ወደ መስኮቱ መጣ። ያን መጽሐፍ አሁንም ይዞታል። ስልሳ ስድስቱ ይሁን ሰማንያ አንዱ ሽፋኑን አላየሁትም። ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጠና፣ ይህችን ልያዛት አለኝ፤ በደስታ አልኩ።

"ጋሼ" አለ። አንተ ሲለኝ የዋለ ሰው ነው። "የሚፈራ ሰው ከየት ነው የሚጀምረው?"

ስንት ዘመን ሱቅ ተቀምጬ፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለ ሽፋኑ ጠይቀውኛል፣ ስለ ዚፑ ጠይቀውኛል። መልሱን አውቀው ነበር፤ በማሽላው መሐል ስመጣ ከአፌ ያልለየሁት እሱ ነው። ግን የመዝሙሩ ቁጥር በአንዱ እትም ዘጠና የሆነው በሌላው ዘጠና አንድ ይሆናል፤ እዚያ ገመድ አጠገብ ደግሞ ቁጥር መጥራት አንድ ጊዜ ይበቃኛል። መጽሐፉን ተቀብዬ ገለጥኩት። ክሩን ብፈልግ ያን ቀን ሲያገላብጡት ተበጥሶ ኖሯል። ስለዚህ የገጹን ጫፍ ደህና አድርጌ አጥፌ መለስኩለት። ጣቱን እጥፋቱ ላይ አሳርፎ ገመዱ እንዲወርድ አዘዘ።

ትንሽ እንደሄድን ሐጂ፣ ምን ብሎህ ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ "ስንተኛውን አሳየኸው?" አሉ።

ወደ መስኮቱ አየሁ። ማሽላው ገና አላለቀም ነበር።

"ቤት ስንገባ እነግርዎታለሁ ሐጂ" አልኳቸው።