እሜቴ ቅርፊት ተኝተው ኢንፍሉዌንዛን ድል የነሡበት ዜና

በእሜቴ ቅርፊት ዘመን፣ በቤተ ሙከራው ማዕዘን ባለችው፣ አንድ እግሯ በካርቶን በተደገፈች ወንበር ላይ በነገሡ በአራተኛው ዓመት፣ ብርድ ገብቶ የሰው አፍንጫ ሁሉ ምንጭ በሆነበት ወር፣ የሆነውን ሁሉ ሳንቀንስ፣ ብዙም ሳንጨምር፣ ንዌጥን ጽሒፈ ዜናሃ፤ ዜናቸውን መጻፍ እንጀምራለን።

እኒህ እሜቴ መነጽራቸው ወፍራም፣ ትዕግሥታቸው ቀጭን፣ እጃቸው በጓንት የተሸለመ፣ ፀረ ኢንፍሉዌንዛ፣ ጉልምስናቸውን ባዶ ነገር ለመሥራት የሰጡ ነበሩ። ባዶው ነገርም ከውጭ ሲያዩት ቫይረሱን ቁርጥ የሚመስል፣ የቫይረሱን እሾህ በላዩ ያበቀለ፣ ውስጡ ግን ምንም የሌለበት፣ ስለዚህም መራባትም ማሳመምም የማይችል ቅርፊት ነበረ። የሰው ገላ ይህን አይቶ ጠላት መጣ ብሎ ጦሩን ያለማምዳል፤ እውነተኛው ጠላት በመጣ ጊዜም ታጥቆ ይቆየዋል። ወታደር ጦር ውርወራ የሚማርበት የገለባ ሰው ማለት ነው። እሜቴ ቅርፊት የተባሉትም በዚሁ ሥራቸው ነው።

እናታቸው ግን ይህን ሥራ ለጎረቤት ሲያውጁ እንዲህ ይሉ ነበር፦

«ልጄ ምን ትሠራለች ብትሉኝ ባዶ ነገር ትሠራለች! አራት ዓመት ሙሉ ባዶ! የኔ ድስት ባዶ የሆነ ቀን ግን ሁሉም ያኮርፈኛል!»

እናትየው ይህን ይበሉ እንጂ፣ ባለፈው ብርድ ኢንፍሉዌንዛ ሳንባቸው ድረስ ወርዶ ሆስፒታል ባስተኛቸው ጊዜ፣ እሜቴ ከአልጋቸው ሥር ተቀምጠው የትንፋሻቸውን ሲርታ ሲያዳምጡ፣ ይህን ጠላት ሳልጥለው አልቀርም ብለው በልባቸው ምለው ነበር። መሐላውን ለማንም አልተናገሩም። ዜና ጸሐፊ ግን ምን ይሰወረዋል?

ከእሜቴ ጋር የዘመቱትም እኒህ ናቸው፤ ቅርፊቱን የሚያመርቱትን፣ ከእሳት ራት የተወሰዱትን የነፍሳት ሴሎች እሹሩሩ እያለች የምታሳድገው የሴሎች ሞግዚት፤ በጨለማ ክፍል ተቀምጦ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑን በር የሚጠብቀው፣ ያለ ተራው የመጣውን በዐይኑ ብቻ የሚመልሰው አጋፋሪ፤ እየተሽከረከረ ፈሳሹን የሚያጠራው፣ በተነሣ ቁጥር ጠረጴዛውን የሚያንቀጠቅጠው ቀኝ አዝማች ሴንትሪፊውጅ፤ የሚያንጠባጥበውም የማያንጠባጥበውም ፒፔት ሁሉ፤ ከሁሉም በላይ የክፍሉ ኃላፊ አለቃ በረዶ። አለቃ በረዶ በወጣትነታቸው መብራት ጠፍቶ የድካማቸው ፍሬ ሁሉ በሙቀት ስለ ተበላሸ፣ ከዚያ ወዲህ ከብርድ በቀር የሚያምኑት አልነበራቸውም፤ በትልቁ ማቀዝቀዣ በር ላይም ይህን አዋጅ በፕላስተር ለጥፈው ነበር፦

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! ውድ ነገር ያለው ሁሉ ከዜሮ በታች ሰማንያ ውስጥ ያስገባ። ውጭ አድሮ ለተበላሸ ውርድ ከራሴ!»

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ እሜቴ ቅርፊቱን ነደፉ፤ ሞግዚቲቱ አመረተች፤ ሴንትሪፊውጁ አጠራ፤ በአዋጁም መሠረት ሁሉ ወደ በረዶ ገባ። ከበረዶ ወጥቶ፣ ሟሙቶ፣ በማይክሮስኮፑ በታየ ጊዜ ግን የሚታየው ስብርባሪ ብቻ ሆነ። እሜቴም ጥፋቱ የንድፌ ነው ብለው የእሾሁን ሥር አሳጠሩ፤ ስብርባሪ። ውስጡን የሚደግፈውን ፕሮቲን ለወጡ፤ አሁንም ስብርባሪ። ደህና የነበረውን ንድፍ እየጣሉ ሌላ ሲነድፉ፣ እንቅልፍ ሲያጡ፣ ራሳቸውን ሲረግሙ ከረሙ። ወኮነ ሐዘን ዐቢይ። በመጨረሻም አለቃ በረዶ፣ እያዘኑም ቢሆን፣ ሁለተኛ አዋጅ አወጡ፦

«የሚቀጥለው የማይክሮስኮፕ ተራ የመጨረሻ ነው። አንድ ሙሉ ቅርፊት ካላየሁ ሥራው ይዘጋል፤ እሜቴም ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራሉ። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም።»

ኢንፍሉዌንዛም ይህን የሰማ ይመስል በዚያው ሳምንት በገዛ አፍንጫቸው በኩል ገብቶ እሜቴን ወጋቸው። የመጨረሻውን ምርት በትናንሽ ብልቃጥ ከፍለው፣ ሌላውን ሁሉ ወደ በረዶ አስገብተው፣ አንዲቱን ግን ለአፍታ ብለው በረዶ በማይሠራው በተራው ፍሪጅ በር ላይ እንዳቆሟት፣ ጥርሳቸው ተንቀጫቀጨ፤ ሞግዚቲቱም ደግፋ ታክሲ ውስጥ አስገባቻቸው።

በማግስቱ በትኩሳት መካከል ያቺ ብልቃጥ ትዝ አለቻቸው። ሄጄ በረዶ ውስጥ ካላስገባኋት ሞቼ እገኛለሁ ብለው፣ ብርድ ልብሳቸውን እንደ ካባ ተከናንበው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ዘመቱ። ጫማቸው ግን ከቦታው አልነበረም። እናታቸው፣ እሜቴ አይጠጉኝ እያሉ ቢለምኗቸውም፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ጠምጥመው፣ ከደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጫማውን ታቅፈው አወጁ፦

«ጉንፋን አጠፋለሁ ብላ ጉንፋን ይዛልኝ መጣች፤ አገር ይስማ! ጫማሽ እኔ ጋ ነው። ከዚህ አልጋ የምትነሺው እኔ ስል ነው። ብልቃጥ ቢበላሽ ሌላ ይሠራል፤ አንቺን ማን ይሠራልኛል?»

እሜቴም የነፍሳት ሴል የሚገዛላቸው፣ ፕሮቲን የሚታዘዝላቸው፣ ለዚህ አዋጅ ራሳቸው ታዝዘው ወደ አልጋቸው ተመለሱ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ።

የማይክሮስኮፑ ተራቸው በደረሰ ቀን፣ ድነው፣ ከስተው፣ በጨለማው ክፍል ቆሙ። ከበረዶ የወጣው ብልቃጥ ሁሉ ታየ፤ ሁሉም ስብርባሪ። አለቃ በረዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አጋፋሪው እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ። ያን ጊዜ እሜቴ፣ የሰው ፊት እሳት ሆኖባቸው፣ ያቺን በፍሪጅ በር ተረስታ የሰነበተች፣ አዋጅ የጣሰች ብልቃጥ አቀረቡ። አጋፋሪውም እየሳቀባቸው አስገባት፤ ምስሉ በስክሪኑ ላይ በጠራ ጊዜ ግን ሳቁ ቆመ። ክብ፣ ሙሉ፣ እሾሃቸውን ዙሪያውን ያበቀሉ ቅርፊቶች በስክሪኑ ሞልተው ነበር።

ለማረጋገጥም ከዚያችው ብልቃጥ ግማሹን በትልቁ ማቀዝቀዣ በረዶ አድርገው፣ አሟሙተው ቢያዩት ስብርባሪ ሆነ፤ የቀረው ግማሽ ግን እንደ ነበረ ነበረ። በንድፉ ላይ ሲሳበብ የኖረው ጥፋት የብርዱ እንደ ነበረ፣ ጠባቂ ያሉት እንደ ሰባበራቸው ሁሉም አወቀ። እሜቴ የጣሉትን ንድፍ ሁሉ አስበው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎም ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባቸው። አለቃ በረዶም አዋጃቸውን በገዛ ጥፍራቸው ልጠው፣ የበሩ ቀለም አብሮ ቢነሣም ሳይቆጩ፣ በምትኩ ይህን ለጠፉ፦

«ስማ! ቅርፊት በተራው ፍሪጅ ይደር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሥራው ይቀጥላል!»

ክትባት ለመሆን ገና በአይጥ መፈተን አለ፤ ከአይጥ በኋላም ብዙ ደጅ መጥናት አለ። ቢሆንም ወኮነ ፍሥሓ ዐቢይ። እሜቴ ቅርፊት፣ ባዶውን ያጸኑ፣ ጠላታቸው በገዛ እጁ አልጋ ላይ ጥሎ ለድል ያበቃቸው፣ በባዶ እግራቸው ተኝተው ያሸነፉ፣ ከወንበራቸው ጋር ክብር ይሁንላቸው!

ይህን ዜና በእናታቸው ፊት ባነበብን ጊዜ ግን እናትየው እስከ መጨረሻው ሰምተው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«ጫማውን የደበቅኩት እኔ ነኝ! ከሴንትሪፊውጁ በፊት እኔን ጻፉ! ስም አያስፈልግም፤ እናቷ በሉ፣ ይበቃኛል።»

እነሆ ጻፍን፤ እናቷ።