ቢንቢ የማትቀርበው ጉርሻ

የደጋ ሰው አንበሳ አይፈራም ይባላል። እውነት ይመስለኛል፤ አንበሳው ደጋ ድረስ አይመጣማ። የደጋ ሰው የሚፈራው ቆላን ነው፤ ከቆላም ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው በአንድ ጣት ብትጫኗት ድምጿ የሚጠፋውን ቢንቢን ነው። ወደ ቆላ ዘመድ ሸኝታችሁ የምታውቁ ከሆነ ምክሩን አታጡትም፤ «ሲመሽ ደጅ እንዳትቆም፣ ውሃ አፍልተህ ጠጣ፣ ነጭ ሽንኩርት ከኪስህ አይለይ።» መካሪው ራሱ ቆላ ወርዶ አያውቅም። እኛ ዘንድ ለሚሄደው ሰው መንገድ የሚያሳየው ያልሄደው ነው።

የደቡብ ሱዳኑ ጦርነት አብቅቶ ጁባ በድንኳንና በኮንቴይነር ቤት በተሞላችበት ጊዜ፣ ሥራ ብለን ከአዲስ አበባ የጎረፍነው ሁላችን ይህን ምክር በሻንጣችን ይዘን ነው የገባነው። ትንሽ ከቆየ በኋላ ግን ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን ምክሩን ረስቶ በቁምጣ ያመሻል። ሁለተኛው ምክሩን ሃይማኖት ያደርገዋል።

ዳንኤል ከሁለተኛው ወገን ነበር፤ እንዲያውም ቄሱ ነበር ማለት ይቻላል። ንያኩሮን በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተን አብረን የምንኖር የመንገድ መሐንዲስ ነው። ፀሐይ ዘንበል ስትል ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ይከታል፣ እጅጌውን እስከ አንጓው ይቆልፋል፣ ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የቢንቢ ቅባት ይለቀለቃል። አጎበሩን ቀዳዳ እንዳይኖረው በባትሪ ይመረምራል። ሰው ሲጨነቅ ጥፍሩን ይበላል፤ ዳንኤል ሲጨነቅ ይቀባል። ቅባቷ ከኪሱ ተለይታ አታውቅም።

ይህ ሰው ከገዛ ቆዳው ሌላ የሚሳሳለት ነገር ቢኖር ሃና ነበረች። ሃና አንድ የአየር መንገድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ሊጋቡ ተነጋግረው፣ ሽማግሌ ማን ይሁን እያልን ስንመክር፣ አባቷ ሽማግሌውን ቀድመው ራሳቸው ጁባ ደረሱ።

ጋሽ ታደሰ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። የመጡት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሳይሆን ሊወስዱ ነው። ታናሽ ወንድማቸው በወጣትነቱ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ ወባ ይዞት በዚያው ቀርቷል፤ መቃብሩን እንኳ አላዩትም። ልጃቸው ከሁመራም አልፋ መሄዷን ባሰቡ ቁጥር እንቅልፍ እንቢ ሲላቸው ነው አውሮፕላን የተሳፈሩት። ለሃና የነገሯት አጭር ነው፤ «ረቡዕ አብረን እንገባለን።» ሃና ደግሞ አባቷን እምቢ የምትል ልጅ አይደለችም። ለዳንኤል የቀረችለት የዕረፍት ቀን እሁድ ብቻ ነበረች።

ጁባ ባሕር የላትም። አሸዋና ውሃ አለኝ የምትለው በነጭ ዓባይ ነው። ከማንጎ ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር የደረደሩ ቤቶች አሉ፤ እሁድ እሁድ እዚያ ተቀምጠን የውሃ ቦቴዎች ከወንዙ ሲቀዱ እያየን «ቢች ነን» እንባባል ነበር። ዳንኤል ጋሽ ታደሰን ወደዚያ ሊወስዳቸው አሰበ። ሰው የሚዝናናበት አገር መሆኑን ያያሉ፣ ልባቸው ይራራል ብሎ ነው። እንጀራውን ሀይ ጀላባ ሰፈር ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ራሱ አመጣው፤ ዓሣውን እዚያው አዘዝን።

ዳንኤል ጎንበስ ብሎ ጋሽ ታደሰን አስታጠበ፤ እኛንም አስታጠበ፤ እሱም ታጠበ። ዓሣው ግን ወዴት ሊመጣ! አሳላፊው በጠየቅነው ቁጥር «ሸዊያ ሸዊያ» ይለናል፤ ቀስ ቀስ፣ ይደርሳል ማለቱ ነው። ዓሣው ገና መንጠቆውን እያሸተተ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ መሐል ፀሐይዋ ዘቀዘቀች፤ የመጀመሪያዋ ቢንቢም በጆሯችን ሥር አለፈች። ጋሽ ታደሰ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው፣

«ሃና ልብሷን ማሰር ጀምራለች» አሉ፤ ለወንዙ የሚናገሩ ይመስል ፊታቸውን ወደ ውሃው አድርገው።

የዳንኤል እጅ ቅባቷን ፍለጋ ወደ ኪሱ ገባ። አንገቱን ቀባ፣ ቁርጭምጭሚቱን ቀባ፣ መዳፉን ከመዳፉ ጋር ደጋግሞ አሸ። ያን ጊዜ ዓሣው ደረሰ።

እንግዲህ በወግ ያደገ ጋባዥ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ራሱ ሳይቀምስ እንግዳውን ያጎርሳል። ዳንኤል ዓሣውን በእንጀራ ጠቅልሎ፣ በአዋዜ አጥቅሶ፣ በግራ እጁ ቀኙን ደግፎ ከመቀመጫው ተነሣ። «በሞቴ ጋሼ!» ጋሽ ታደሰ ጎረሱ። ማላመጣቸውን ለአፍታ ገታ አደረጉና ቀጠሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አባዬ፣ በርበሬው በዛብህ እንዴ?» አለች ሃና።

«የለም፣ ጥሩ ነው።»

«አንድ ያጣላል ጋሼ!» ብሎ ዳንኤል ሁለተኛውን ይዞ መጣ። ጋሽ ታደሰ የተዘረጋውን እጅ ትክ ብለው አዩት። ጣቶቹ በቅባት ያብረቀርቁ ነበር። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሁለተኛውንም ዋጡት።

ሦስተኛው ለእኔ ደረሰኝ። ከመጉረሴ ምላሴ ደነዘዘ። እንዲህ ያለ ምሬት በአፌ ገብቶ አያውቅም፤ እሬትም ይሻላል። ልተፋው ቀና ስል የጋሽ ታደሰ ዓይን እኔን እየጠበቀ ነበር። ራሳቸውን በጣም በትንሹ ወዘወዙ። ዋጥሁት። ዳንኤል ራሱ እንደሆነ በጭንቀት አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ ማዕዱ ተነሣ።

«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን አየሁት። እኛ ውሃ እናፈላለን፣ ሥጋ እናገላብጣለን፣ የሚያጎርሰንን እጅ ግን አንመረምርም፤ አንመልስምም። ሞኝነት ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን፤ እኔ ግን በዚያ ሞኝነት እኮራለሁ።

ስንመለስ ጋሽ ታደሰ ወደ ኋላ ቀረት ብለው ያዙኝ።

«ያ ቅባት ሆድ ከገባ ይገድላል?»

«አይመስለኝም ጋሼ።»

«እንግዲያው እንዳትነግረው፤ ልጁ ያፍራል። አደራ።»

የሃና ሻንጣ ግን ለረቡዕ መታሰሩን አላቆመም።

ማክሰኞ ጠዋት ዳንኤል ከአልጋው መነሣት አቃተው። ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ገላው ይቃጠላል። ክሊኒክ አደረስነው፤ ወባ ነው ተባለ። እሁድ ዕለት ተነድፎ እንደሆነ ብንጠይቅ ሐኪሙ ሳቀብን። ይቺ ቢንቢ ከነደፈችው ሰንብታለች፤ የእሁዱ ቅባት ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ያ ሁሉ ካልሲ፣ ያ ሁሉ ባትሪ፣ ያ ሁሉ መራራ ጉርሻ!

እኔ ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ አልኩ። ወባን ሸሽተው ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አባት ወባውን በዓይናቸው ካዩ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ? ሃና አልጋው አጠገብ ቆማ አንዴ ዳንኤልን፣ አንዴ አባቷን እያየች ታለቅሳለች። ጋሽ ታደሰ ቆብ ይዘው በር ላይ ብዙ ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ያን ሁመራ የቀረውን ወንድማቸውን እያዩ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። በመጨረሻ ገብተው ወንበር ሳቡ።

«ወንድሜ ሲታመም አብረውት የነበሩት ሰዎች ኋላ ቤታችን መጥተው ነበር» አሉ። «እህል አልቀምስም ብሎ ነው የደከመው አሉን። እናቴ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹የሚያጎርሰው አልነበረም?› አለች።»

ከዚያ ሃና ካመጣችው ፍርፍር በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ወደ ዳንኤል አፍ አቀረቡ። ዳንኤል ፊቱን አዞረ።

«ይቅርብኝ ጋሼ፣ ሁሉም ነገር ይመረኛል።»

«ይምረርህ!» አሉ ጋሽ ታደሰ። «እኔም መሮኝ ውጫለሁ። ጉረስ!»

ጎረሰ። ሁለተኛውን አዘጋጅተው ሳለ፣ ፊታቸውን ከሳህኑ ሳያነሡ ለሃና «ትኬትሽን መልሺ፤ ሰው ታሞ ጥለሽ አትሄጂም» አሏት። ሃና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ጢስ ዓይኔ ገብቶ ነበር እንዳልላችሁ ጢስ አልነበረም።

ረቡዕ አውሮፕላኑ ሄደ፤ አባትና ልጅ ቀሩ። ዳንኤልም ዳነ፤ ሽማግሌ መላክ ሳያስፈልገው ሽማግሌው አልጋው አጠገብ ተገኝተውለት አገባ። ቅባቱን ዛሬም ይቀባል። አልፎ አልፎ ታዲያ ይጠይቀኛል፤ «ጋሼ ያን ቀን ‹እኔም መሮኝ ውጫለሁ› ያሉት ስለ ምን ነበር? ስለ ወንድማቸው ነው?»

«መሰለኝ» እለዋለሁ። እናንተም አደራ።