የመልካሙ ግድግዳ

ግድግዳ እያየ ሥራ የሚፈልግ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በረሃቡ ዘመን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ አጋጥሞኛል። መልካሙ ከጎንደር በእግሩ የመጣ የሱቅ ታፔላ ሠዓሊ ነበር። ዐረብኛ ስለማይችል ባዶ የሱቅ ግድግዳ ፊት ቆሞ፣ ባለሱቁ እስኪጠይቀው ድረስ በሐሳብ ይነጉዳል። ማስታወቂያው ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ያገራችን ሰው፣ ዱቄት ነጋዴው ሐጂ ኢድሪስ፣ "ምን ታያለህ ልጄ?" አሉት።

"የደረሰ ማሽላ፣ ሐጂ።"

"እስቲ ሳለው።"

ሳለው። በማግስቱ ከስደተኞች መጠለያው የመጡ ገበሬዎች ሥዕሉ ሥር ተቀምጠው ያዩት ጀመር። አንዲት እናት ዛላውን በመዳፏ ዳሰሰችው። መልካሙ የሐጂን ገበያ የዘጋ መስሎት ሊያጠፋው ብሩሹን አነሣ።

"ተወው" አሉት ሐጂ፣ የዱቄት ጆንያ እየፈቱ። "ገንፎ እስካስገነፋላቸው የሚያዩት ይኑራቸው።"

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ባለሱቅ ለገንፎው ስኳር ይዞ መጣና፣ "ለእኔ ደግሞ ወንዝ ሳልልኝ" አለው።