«ቸግሮኝ ነው» ያልኩባቸው ቸርኬዎች

ያገለገለ ዕቃ መሸጥ አበሳ ነው። ችግሩ ዕቃው አይደለም፤ ጥያቄው ነው። «ይህን ያህል ደህና ከሆነ ለምን ትሸጠዋለህ?» ይሉሃል። እስቲ መልስ! ካላሞገስከው ማን ይገዛል? ካሞገስከው ደግሞ «ታዲያ ምን አስጣለህ?» ነው።

ለፒክአፔ ሰፋፊ፣ የሚያብለጨልጭ ቸርኬ ገዛሁና ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን አራቱን ከነጎማው፣ ሌባ ፈርቼ፣ ሳሎን ደረደርኩት። ነገሩ ለታናሽ ወንድሜ ነው። የወደዳትን ልጅ ልንጠይቅለት ሽማግሌዎቹን ወደ አዳሚ ቱሉ የምወስዳቸው እኔ ነኝ፤ በር ላይ የሚቆም መኪና ደግሞ ከሽማግሌ ቀድሞ ይናገራል ብዬ። ይህን ለገዢ እንዴት ትነግረዋለህ? የአዳማ ሰው በየተራ እየመጣ ቸርኬውን አንኳኩቶ፣ «ይሄ ተሰንጥቆ ነው» ብሎ ይሄዳል። ባለቤቴም «ወይ እነሱ ይውጡ ወይ እኔ» ማለት ጀመረች።

በመጨረሻ ሽንኩርት አራግፈው ወደ አገራቸው የሚመለሱ አንድ አዛውንት መጡ። ያችኑ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ቸግሮኝ ነው፣ አባቴ» አልኩ።

ለችግር ማን ማስረጃ ይጠይቃል? አዘኑልኝ። ሳይከራከሩ ገዙኝና «ጀባዱ፣ በርታ፣ ያልፋል» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ፤ ምን ላድርግ? አገራቸው የት እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።

የሽምግልናው ዕለት አዳሚ ቱሉ ስንደርስ ከልጅቷ ግቢ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ቆማለች። ቸርኬዋ የኔ ነው። ጠርዙ ላይ እኔው ከድንጋይ አላትሜ ያወጣሁበት ጭረት ሳይቀር አለ። ክው አልኩ።

ገብተን ተቀመጥን። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ተነሥተው «የልጁ ቤተሰብ ፈጣሪ የሰጠው፣ አንዳች ያልቸገረው ነው» ሲሉ፣ የልጅቷ አባት፣ እኚያው ቸርኬውን የገዙኝ አዛውንት፣ መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ቀጥለው በመስኮት መኪናዬን።

«ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «የዋሻችሁኝ ያን ዕለት ነው ወይስ ዛሬ?»

ወንድሜ አዳማ ስልኩን ታቅፎ ይጠብቃል፤ የሚወዳትን ልጅ በኔ ምላስ ሊያጣ ነው። አፈርኩ።

«ያን ዕለት ነው፣ አባቴ። ቸርኬው ደህና ነበር፤ ውሸቱ ‹ቸግሮኝ ነው› ያልኩት ነው።»

«ቸርኬውስ እውነትም ደህና ነው» ብለው ሳቁ። ግን ልጅ በሳቅ አይሰጥም፤ እንደ ወጉ ቀጠሮ ሰጡን። ሲሸኙን የሚያብለጨልጨውን ቸርኬዬን በከዘራቸው ነካ አደረጉት።

«ልጅ ልትለምኑ አይደል የመጣችሁት? በቀጠሮው ቸግሯችሁ ኑ።»

በቀጠሮው በሚኒባስ ሄድን። ሰጡን።