የመልክ ዳኛዋ እትዬ መዝገብ

ሕፃን በተወለደበት ቤት ሁሉ፣ ወላጆቹ ስም ሳያወጡለት አካሉን ለዘመድ አዝማድ አከፋፍላ የምትጨርስ አንዲት ሴት አትጠፋም። የኛዋ አክስቴ ናቸው። የሦስት ትውልድ አፍንጫ በቃላቸው ስለያዙ “እትዬ መዝገብ” እንላቸዋለን።

መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ሕፃኑ ጎንበስ ይላሉ፤ ከዚያ ብይኑ ይሰማል። አገጩ የአያቱ፣ ጆሮው የአጎቱ ነው። የማይወዱት ዘመድ ካለ ጠፍጣፋ እግር ብቻ ይደርሰዋል። አንዴ የጎረቤት ልጅ በስህተት አንስተው “ግንባሩ ቁርጥ አባቴን” አሉ። ስህተታቸው ቢነገራቸውም ብይኑን አላነሱም፤ ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችንን እንደ ዘመድ ነው ሰላም የሚሉት።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ልጅ ከእናትም ከአባትም ይወርሳል፤ አንዳንዱ ባሕርይ በሁለቱም ወላጆች ውስጥ ተደብቆ ኖሮ በልጅ ላይ ብቅ ይላል እያልኩ አሥር ዓመት አስረዳኋቸው። “ደም መች ይደበቃል?” ይሉኛል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

ታዲያ የእህቴ ልጅ ስድስት ወር ሲሞላት ዓይኗ አረንጓዴ መሆኑ ለየ። የእህቴም የባሏም ጥቁር ነው። የባሏ እናት ሊጠይቁ መጥተው፣ ሻዩን ሳይነኩ፣ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ዓይን የለም አሉ። ባልየው አቀርቅሮ ወለሉን ያይ ጀመር። እህቴ ልጇን አጥብቃ አቀፈች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ትዳሯ ዓይኔ እያየ ሲናጋ ደነገጥኩና ማስረዳት ጀመርኩ። የወንድም ምስክርነት ማን ይሰማል?

እትዬ መዝገብ መነጽራቸውን ጠረጉና ልጅቷን አዩ።

“የአያቴ ዓይን ነው” አሉ። “ግን የእኛ ብቻ አይበቃም። ከሁለቱም ወገን ተደብቆ ካልመጣ አይወጣም። በእናንተም ቤት ነበረ ማለት ነው።”

አሥር ዓመት ሙሉ ይሰሙኝ ኖሯል! ቀጥለው አማቲቱን፣ የቅድመ አያታቸውን ዓይን አይተው እንደሆነ ጠየቋቸው። አላዩም።

“ታዲያ የለም ማለቱን ከየት አመጡት?”

አማቲቱ ሻያቸውን አነሱ። ባልየው ቀና ብሎ ልጁን ተቀበለ። ያን ቀን እንደወደድኳቸው አክስቴን ወድጃቸው አላውቅም።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዳቸውን ይዤ፣ የአያትዎ ዓይን እውነት አረንጓዴ ነበር ወይ አልኳቸው።

“እኔ በምን አውቄ? ሳልወለድ ነው የሞቱት” አሉ። “እህትህን ግን አውቃታለሁ፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት።”