ወይዘሮ ክኖድለር ብቻቸውን ሊሄዱ ነው

ፎቅ ባለበት ሁሉ የደረጃው ባለቤት ነኝ ባይ አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም አይሽረውም። የማን ጫማ ጭቃ እንዳስገባ፣ የማን ብስክሌት መተላለፊያውን እንደዘጋ ጠንቅቆ ያውቃል። ኤስሊንገን ከተማ ውስጥ እኛ በምንኖርበት ባለ አራት ፎቅ ቤት ይህ ሥልጣን የክብርት ወይዘሮ ሄድቪግ ክኖድለር ነው።

የጽዳት ተራ የምታሳየው ትንሿ የእንጨት ሰሌዳ በርህ ላይ የተሰቀለች ዕለት ሳምንቱ ያንተ ነው። ደረጃውን ትጠርጋለህ፣ ትወለውላለህ፣ ደጃፉንም ታጸዳለህ። ስትጨርስ ወይዘሮ ክኖድለር ከላይ ብቅ ይላሉ። «ጥሩ ነው አቶ ራፕ» ይሉኛል። ጎንበስ ብለው ያያሉ። «ጥግ ጥጉስ?»

እኚህ ሴት ናቸው እንግዲህ በሰባ ሁለት ዓመታቸው በባቡር አውሮፓን ላያት ብለው የተነሱት። በዙሪክ አድርገው፣ ሚላኖ አድረው፣ ጄኖቫ ላይ ባሕሩን አይተው ይመለሳሉ። ብቻቸውን።

«ብቻዎን?» አላቸው የሦስተኛ ፎቁ አቶ ኦዝካን። «እህትዎ ምን ሆኑና?»

«ከሰው ጋር ስሄድ የማየው ሰውየውን ነው» አሉት። «አሁን መስኮቱን ማየት እፈልጋለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ለእረፍት የሚሄዱት በመኪና ነበር። ባልየው ይነዳሉ፣ ወይዘሮ ክኖድለር ካርታ ያነባሉ። ዕድሜ ልካቸውን አገር አቋርጠው ያዩት ጉልበታቸው ላይ የተዘረጋውን ወረቀት ብቻ ነው።

ዝግጅቱ የተጀመረው ገና በረዶው ሳይቀልጥ ነው። ማታ ማታ ሻንጣቸውን ሞልተው ደረጃውን ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። ሚላኖ ላይ አሳንሰሩ ቢበላሽ ማን ይደርስላቸዋል? አንድ ቀን አቶ ኦዝካን መሀል ደረጃ ላይ ሲያለከልኩ አግኝቷቸው ሻንጣውን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ።

«ሚላኖ ላይ እርስዎ አይኖሩም» ብለው አለፉት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሽቱትጋርት ድረስ ሄደው የዙሪኩን ባቡር ይሸኛሉ። «ባቡሬ» ነው የሚሉት። «ባቡሬ ዛሬ ትንሽ አረፈደ» ይሉናል፣ ከትምህርት ቤት የዘገየ ልጅ ያላቸው ይመስል። ለስንቅ የሚይዙት እንቁላል ምን ያህል መቀቀል እንዳለበት ሲፈትሹ ደግሞ ለአንድ ወር ያህል ሕንጻው በሙሉ እንቁላል እንቁላል ሸተተ።

እውነቱን ለመናገር እኛም ያን ጉዞ ከእሳቸው ባልተናነሰ ናፍቀነው ነበር። አቶ ኦዝካን ብስክሌቱን በጠራራ ፀሐይ መተላለፊያው ላይ ሊያቆም፣ እኔ ጫማዬን ሳልጠርግ ልገባ ተዘጋጅተናል።

መሄጃቸው ሲቃረብ የሁለተኛ ፎቆቹ ድንገት ቤት ለቀቁ። ተራው አንድ በር ዘለለና ሰሌዳዋ በጉዞው ሳምንት እሳቸው በር ላይ ዐረፈች።

«ይኼ ምን ችግር አለው? እኔ እጠርግልዎታለሁ» አልኳቸው።

«እርስዎ?» አሉ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ለሙከራ አንድ ፎቅ አስወለወሉኝ። ወልውዬ ስጨርስ ጎንበስ ብለው አዩና ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ፖስታ ሳጥኑ ጋ ተገናኘን። «ልተወው መሰለኝ፣ አቶ ራፕ» አሉኝ። «ባሕሩ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

ድምፃቸው እንደዚያ ሲያንስ ሰምቼ አላውቅም። ደረጃው ሰበብ ነበር፤ ፈርተዋል። ዘንድሮ ካልሄዱ ደግሞ መቼም እንደማይሄዱ ሁለታችንም እናውቃለን። አንጀቴን በሉት።

«ይሄዳሉ» አልኳቸው። «ሰሌዳዋን ይስጡኝ።»

ብዙ ካመነቱ በኋላ ሰጡኝ።

የሚሄዱ ዕለት ልባቸው እንዲያርፍ ብዬ ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። ከላይ እስከ ታች ወለወልኩት፤ ጥጋጥጉን በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። የመጨረሻዋን ደረጃ እንደጨረስኩ ከላይ በራቸው ተከፈተ። ባርኔጣ አድርገዋል፣ ካፖርት ደርበዋል፣ ሻንጣው በእጃቸው ነው። አንድ እግራቸውን አነሱ፤ መልሰው አሳረፉት።

«እርጥብ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። እኚህ ሴት እርጥብ ደረጃ አይረግጡም፤ አንዴ ሊያክማቸው የመጣውን ሐኪም እንኳ እስኪደርቅ ታች አቁመውታል።

«ይደርቃል» አልኩ።

«ባቡሬስ?»

ጋዜጣ ይዤ ወለሉን ማራገብ ጀመርኩ። አቶ ኦዝካን በፒጃማው ወጥቶ ነገሩ ሲገባው የሚስቱን የፀጉር ማድረቂያ ይዞ መጣ፤ ገመዱ ግን ከሁለተኛዋ ደረጃ አላለፈም። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ስድስት ጊዜ መታ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለዳ ስድስት ሰዓት መሆኑ ነው። ወይዘሮ ክኖድለር ሻንጣውን መሬት አስቀመጡ። አንዴ ካስቀመጡት እንደማያነሱት ታወቀኝ።

«ይርገጡት!» ብዬ ጮህኩ።

«አቶ ራፕ!»

«ይርገጡት እባክዎ! ሃያ ጊዜ እወለውለዋለሁ!»

«እማማ፣ በላዩ ይሂዱ!» አለ አቶ ኦዝካን። እሳቸውን እማማ ብሎ የጠራ ሰው እስከዚያ ዕለት አልነበረም።

ሁለታችንንም አዩን። ሻንጣውን አነሱ፣ ከንፈራቸውን ነከሱና ረገጡት። አንዴ ከረገጡ በኋላ ማን ይመልሳቸው! አራቱንም ፎቅ ሳያርፉ ወርደው፣ በአጠገቤ አልፈው፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ወጡ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳያቸው ወደ ጣቢያው ለመሮጥ ትንሽ ነበር የቀራቸው።

አቶ ኦዝካን ተከትሎኝ ወረደ። ባልዲዬን ብድግ አደረገና ውሃውን በሄዱበት አቅጣጫ፣ አሁን የጠረግኩት አስፋልት ላይ ቸለሰው።

«ምን ነካህ? ገና አሁን ያጸዳሁትን!»

«በወላጆቼ አገር መንገደኛ ሲሄድ ከኋላው ውሃ ይደፋል» አለኝ። «እንደ ውሃ ሄዶ እንደ ውሃ እንዲመለስ ነው።»

ባዶውን መንገድ አየሁ። ደረጃው ጸጥ ብሏል፤ ባልዲው ውስጥ ትንሽ ውሃ ቀርቷል።

«ጨምርበት» አልኩት።